ስልክ ላይ ለጥናት የሚሆኑ አፖች፦ ኔት ሲጠፋም የሚሠሩትን እዚህ እንሰብስብ

ቸካይዋ (ፋርማሲ፣ 4ኛ ዓመት)

ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ ተማሪዎች ጊቢ ሊገቡ ነው። የ12ኛ ክፍል ልጆችም ከወዲሁ መጽሐፍ ከፍተዋል። በየዓመቱ በዚህ ሰሞን «የቱን አፕ ልጫን?» የሚል ጥያቄ ይበዛል። የሚሰጠው መልስ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከውጭ ቪዲዮ የተገለበጠ ረጅም ዝርዝር ነው። ግማሹ በዶላር ይከፈልበታል፣ ግማሹ ያለ ኔት አይከፈትም። እኛ የምንፈልገው ጥቅል ሲያልቅም፣ መብራት ሲጠፋም፣ ሜሞሪው በሞላ ስልክም የሚሠራውን ነው።

አቋሜን ከፊት ልናገር። ፕሮግራም የሚያደራጅ አፕ ጥሩ ነው። የሚጠይቃችሁ አፕ ግን ይበልጣል። የፕላን አፕ ላይ ቀለም ሲመርጡ ማምሸት ጥናት አይደለም። አንድ አፕ ብቻ ምረጪ ብባል አንኪ ነው የምለው።

አንኪ የፍላሽ ካርድ አፕ ነው። ፊት ለፊት ጥያቄ፣ ከጀርባ መልስ ትጽፋላችሁ። መልሱን በቃላችሁ ትሉና ገልጣችሁ ታያላችሁ። ከዚያ ከብዷችሁ እንደሆነ ወይም ቀሏችሁ እንደሆነ ትነግሩታላችሁ። የከበደውን ቶሎ ይመልስባችኋል። የቀለለውን መጀመሪያ ከቀናት፣ ቀጥሎ ከሳምንታት፣ ኋላም ከወራት በኋላ ያመጣዋል። ልትረሱት ስትቃረቡ ይጠይቃችኋል ማለት ነው።

ነገሩ የቆየ እውቀት ነው። ጀርመናዊው ኸርማን ኤቢንግሃውስ በ1885 እ.ኤ.አ. ትርጉም የሌላቸው ድምፆችን እየሸመደደ፣ ራሱንም እየፈተነ፣ ሰው በምን ፍጥነት እንደሚረሳ ለክቶ ነበር። በ2006 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ ተመራማሪዎች አሜሪካ ውስጥ ተማሪዎችን ለሁለት ከፈሏቸው። አንዱ ቡድን ጽሑፉን እንደገና አነበበ። ሌላው ካነበበ በኋላ ጽሑፉን ሳያይ ያስታወሰውን ጻፈ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን ተገለበጠ። ራሳቸውን የፈተኑት 56 በመቶ ያህል አስታወሱ፣ ደጋግመው ያነበቡት 42። ሃንድአውት አራት ጊዜ አንብበን «ገብቶኛል» ብለን ፈተና ላይ የሚጠፋብን ለዚህ ነው።

ለአንድሮይድ አንኪድሮይድ በሚል ስም ታገኙታላችሁ። ነፃ ነው፣ ማስታወቂያ የለውም፣ አማርኛ ያለ ችግር ይቀበላል። አንዴ ከተጫነ ኔት አይፈልግም። ካርድ ስትሠሩ አንድ ካርድ ላይ አንድ ጥያቄ ብቻ አድርጉ። «የዋርፋሪንን ጠባይ አብራሪ» የሚል ካርድ አይሠራም (ዋርፋሪን ደም እንዳይረጋ የሚሰጥ መድኃኒት ነው)። «ዋርፋሪን ለሚወስድ ሰው ሜትሮኒዳዞል ቢታዘዝለት ምን ያሰጋል?» የሚለው ይሠራል። መልሱ አጭር ነው፦ ደም መፍሰስ።

እስቲ የእናንተን ጻፉ። ያለ ኔት መሥራት አለመሥራቱን አብራችሁ ንገሩን።

ኮድ_ቤት (ሶፍትዌር ምህንድስና)

አንኪ ላይ እስማማለሁ፣ ግን ለሁሉም ትምህርት አይሆንም። ፕሮግራሚንግና ካልኩለስ በካርድ አይለመዱም፣ በመሥራት ነው። እኔ አንኪ ላይ የማስቀምጠው ፎርሙላና ትርጓሜ ብቻ ነው።

እኔ ልጨምር የምፈልገው ስለ ሰዓት ነው። አዲስ ተማሪ ሁሉ ይህን ያንብብ። ሬጅስትራር የሚለጥፈው ፕሮግራም «2፡30» ይላል። ስልካችሁ ላይ 2፡30 ብላችሁ ከሞላችሁ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተኩል ላይ ይጮኻል። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ስልኩ ላይ 8፡30 ኤኤም ነው። በጠዋት ክላስ ላይ 6 ትጨምራላችሁ። ከቀትር በኋላ 8 ሰዓት የሚባለው ላይ ደግሞ 6 ቀንሳችሁ 2፡00 ፒኤም ትላላችሁ። ይህን ሁሉም ያውቃል። ግን ፈተና ሰሞን፣ እንቅልፍ በሌለበት ጭንቅላት፣ አላርም የሚሞላ ሰው ይሳሳታል።

ስለዚህ ጉግል ካላንደር ላይ ስትመዘግቡ በርዕሱ ውስጥ የሐበሻውን ሰዓት በፊደል ጻፉት። «ዲስክሪት ማትስ ሚድ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት» ብላችሁ ሰዓቱን 9፡00 ኤኤም ላይ ታደርጉታላችሁ። ሁለቱ ካልተጣጣሙ ወዲያው ዓይናችሁ ውስጥ ይገባል። ክላስ በየሳምንቱ ስለሚደገም «ሪፒት» አድርጉትና የሴሚስተሩን ፕሮግራም በሙሉ በአንድ ምሽት መዝግባችሁ ትጨርሳላችሁ። ያለ ኔትም ይከፈታል፣ የጨመራችሁትንም ኔት ሲመጣ ራሱ ያደርሰዋል።

አንዳንድ ልጆች ስልኩ የሐበሻ ሰዓት እንዲያሳያቸው የሰዓት ቀጠናውን ወደ ብራዚል ይቀይሩታል። ቁጥሩ በእርግጥ ይገጥማል። ግን ኦንላይን አሳይመንት ላይ የተጻፈው ቀነ ገደብ ሁሉ ይምታታባችኋል። አልመክርም።

ቀኑም እንደዚያው ነው። መስከረም 1 አብዛኛውን ጊዜ ሴፕቴምበር 11 ላይ ይውላል። ጳጉሜን 6 በሆነችበት ዓመት ማግስት ግን 12 ላይ ይውላል፣ እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻም ቀኑ ሁሉ በአንድ ይገፋል። ቀን የሚለውጥ የኢትዮጵያ ካላንደር አፕ ፕሌይስቶር ላይ ሞልቷል። የትኛውንም ብትጭኑ ያለ ኔት የሚሠራ መሆኑን ሞክሩት።

ገና_12ኛ

ቸካይዋ በጣም አመሰግናለሁ። እኔ ገና ማትሪክ ተፈታኝ ነኝ። ላፕቶፕ የለኝም። ስልኬ 16 ጊጋ ነው፣ እሱም ሁልጊዜ «ስቶሬጅ ሞልቷል» ይላል። አንኪን ለመጫን ራሱ ቦታ አጣሁ። መጽሐፍቶቹ በሙሉ ቴሌግራም ላይ ናቸው። ምን ላጥፋ?

ጂሲ_ነን

ገና_12ኛ ወንድሜ፣ ምንም መጽሐፍ አታጥፋ። ስልክህን የሞላው ቴሌግራም ራሱ ነው። ሴቲንግ ግባ፣ «ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ» የሚለውን ክፈት፣ ከዚያ «ስቶሬጅ ዩሴጅ»። የወረደው ፎቶና ቪዲዮ ስንት ቦታ እንደያዘ ታያለህ። አጽዳው። ፋይሎቹ ቴሌግራም ሰርቨር ላይ ስላሉ ስትፈልግ ደግመህ ታወርዳለህ። የምታነባቸውን ፒዲኤፎች ግን አስቀድመህ ወደ ስልኩ ፎልደር ወይም ወደ ሜሞሪ ካርድ አስቀምጥ። ቀጥለህ እዚያው ገጽ ላይ ፎቶና ቪዲዮ በራሱ እንዳይወርድ ዝጋው። ጥቅልህም ይተርፍልሃል።

ቴሌግራም ካነሳን እኛ ለኤግዚት ኤግዛም (ለዩኒቨርሲቲ መውጫ ፈተና) የምንጠቀምበትን ልንገራችሁ። ፈተናው ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፣ ማለፊያው 50 በመቶ ነው፣ አራት ዓመት የተማርነውን ሁሉ ያነሳል። የፍሬሽማኑን ኮርስ ማን ያስታውሰዋል? ስለዚህ በዲፓርትመንት ግሩፕ ከፍተን ኮርሶቹን ተከፋፈልን። እያንዳንዱ ሰው የደረሰውን ኮርስ ብሉፕሪንቱን (የፈተናውን ይዘት ዝርዝር) እያየ ጥያቄ ያወጣል። ጥያቄዎቹን ኩዊዝቦት በሚባለው የቴሌግራም ቦት እንሠራቸዋለን። ቦቱ ሰዓት ይይዛል፣ ስትሳሳት ለምን እንደተሳሳትክ ማብራሪያ ያሳይሃል፣ መጨረሻ ላይ ደረጃ ያወጣል። ማታ ማታ 3 ሰዓት ላይ ሁሉም ገብቶ አብሮ ይሠራል።

ከመመለስ ይልቅ ጥያቄ ማውጣቱ ነው ያስተማረን። አራት ምርጫ ስታወጣ ሦስቱ ስህተት ግን እውነት የሚመስሉ መሆን አለባቸው። ያንን ለማድረግ ርዕሱን አንተ ራስህ ጠንቅቀህ ማወቅ አለብህ።

ይህ ግን ኔት ይፈልጋል፣ ከክሩ ርዕስ ትንሽ ወጣሁ። ይቅርታ ቸካይዋ።

ፊዚክስ_አስተማሪ

ልጆች፣ ውይይቱ ደስ ይላል። ሁለተኛ ደረጃ አስተምራለሁ። ክፍሌ ውስጥ ካሉት ብዙዎቹ የራሳቸው ስልክ የላቸውም። ስለዚህ ቸካይዋ ስለጻፈችው ነገር አንድ ልጨምር። አንኪ የሚሠራውን ሥራ ወረቀትም ይሠራዋል። ሰባስቲያን ላይትነር የተባለ ሰው በ1970ዎቹ ያስተዋወቀው ዘዴ አለ። ካርዶችን ከደብተር ወረቀት ቆርጦ ሦስት ካርቶን ማዘጋጀት ነው። የመጀመሪያው ካርቶን በየቀኑ ይጠየቃል። ሁለተኛው በየሦስት ቀኑ። ሦስተኛው በሳምንት አንዴ። የመለሱት ካርድ ወደ ቀጣዩ ካርቶን ይሄዳል። የሳቱት ካርድ የትም ይሁን ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። በቃ። ቻርጅ አይፈልግም። ተማሪዎቼ ለአሃዶችና ለፎርሙላ ይጠቀሙበታል።

ስልክ ላላቸው ፌት የሚባሉትን ማሳያዎች እመክራለሁ። የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የሚያዘጋጃቸው ነፃ ማሳያዎች ናቸው፤ ሥራውን በ2002 እ.ኤ.አ. የጀመሩት የፊዚክስ ኖቤል ተሸላሚው ካርል ዊማን ናቸው። የኤሌክትሪክ ሰርኪዩቱን አንዴ አውርዳችሁ ብራውዘር ላይ ያለ ኔት ትከፍቱታላችሁ። አምፖሎችን በተከታታይና በትይዩ አያይዛችሁ ብርሃኑ ሲለዋወጥ ታያላችሁ። ላብራቶሪ በሌለበት ትምህርት ቤት ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ፎቶማዝን በተመለከተ ግን ጥንቃቄ አድርጉ። የሒሳብ ጥያቄ ፎቶ ሲነሳ ደረጃ በደረጃ ሠርቶ ያሳያል። ጥሩ መሣሪያ ነው። ቤት ሥራ ለመገልበጥ ከዋለ ግን ተማሪውን ይጎዳል፣ እኔም ደብተር ሳርም ወዲያው አውቀዋለሁ። መጀመሪያ ራሳችሁ እስከምትችሉበት ሥሩ፣ የቆማችሁበት ላይ ብቻ ክፈቱት።

ቸካይዋ

ቲቸር፣ በጣም አመሰግናለሁ። የካርቶኑን ዘዴ ታናሽ እህቴ ነገውኑ ትጀምረዋለች፣ ስልክ ገና የላትም። አንድ ጥያቄ ልጠይቅዎት። ተማሪዎችዎ ካርዱን ራሳቸው ይጽፉታል ወይስ እርስዎ ያዘጋጁላቸዋል? እኔ ሰው ያዘጋጀውን ዴክ (የካርድ ስብስብ) አውርጄ ስሠራ ቶሎ ይሰለቸኛል።

ፊዚክስ_አስተማሪ

ራሳቸው ናቸው የሚጽፉት ልጄ። እኔ የማየው ስህተት እንዳይኖርበት ብቻ ነው። ሲጽፉት ግማሹን ያጠኑታል።

ስቱዲዮ (አርክቴክቸር)

ቸካይዋ፣ በአንድ ነገር አልስማማም። «የሚጠይቅ አፕ ከሚያደራጅ አፕ ይበልጣል» ያልሽው ለናንተ ትምህርት እውነት ነው። እኛ ጋ የሚሸመደድ ነገር ትንሽ ነው። ፕሮጀክት ነው ያለን። ሳይት አናሊሲስ፣ ኮንሰፕት፣ ሞዴል፣ ፕሪንት፣ ከዚያ ጁሪ (ሥራውን ገምጋሚዎች ፊት ማቅረብ)። አንዱ ከዘገየ ሁሉም ይዘገያል። ለእኛ ማደራጃው ነው ሕይወት።

እኔ ኖሽን የሚባለውን የማደራጃ አፕ ሞክሬ ትቼዋለሁ። ቆንጆ ነው ግን ደካማ ስልክ ላይ ይከብዳል። አሁን ጉግል ታስክስ ነው የምጠቀመው። ትልቁን ሥራ በትንንሹ ቆራርጬ ለእያንዳንዱ ቀን እሰጠዋለሁ። ከማስረከቢያው ቀን ወደ ኋላ እየቆጠርኩ ነው የማቅደው። ማተሚያ ቤት በመጨረሻው ቀን ሰልፍ ስላለ ፕሪንት ከማስረከቢያው ሁለት ቀን ቀድሞ ይገባል። ሞዴሉ ከዚያ በፊት። እንደዚህ ወደ ኋላ ስትሄዱ ዛሬ ምን መሠራት እንዳለበት ይታያችኋል።

ቸካይዋ

ስቱዲዮ ልክ ነህ። የእኔ አባባል ለንባብ ትምህርቶች ነው። ፕሮጀክት ላለበት ሰው ያንተ ይሻላል። ወደ ኋላ መቁጠሩን እኔም ለሪሰርች ፕሮፖዛሌ እወስደዋለሁ።

የሜሪላንዷ_ነርስ

ሰላም ከአሜሪካ። ማታ አረጋውያን መንከባከቢያ እሠራለሁ፣ ቀን ነርሲንግ እማራለሁ፣ ሁለት ልጆች አሉኝ። እዚህ ብዙ ሐበሻ በዚህ መንገድ ነው የሚማረው፣ ስለዚህ ለእንደኔ ዓይነቱ ልጻፍ።

ቁጭ ብዬ የማጠናበት ሰዓት የለኝም። አንኪ የሚጠቅመኝ ለዚህ ነው። አውቶቡስ ስጠብቅ፣ እረፍት ላይ፣ ልጆቹን ዋና ሳደርስ፣ አሥር አሥር ካርድ። ጥያቄውን በእንግሊዝኛ እጽፈዋለሁ፣ ምክንያቱም የነርሶች የፈቃድ ፈተና በእንግሊዝኛ ነው። ከጀርባ ግን መልሱን በእንግሊዝኛ ካሰፈርኩ በኋላ ምክንያቱን በአማርኛ እጨምራለሁ። ዲጎክሲን የሚባለውን የልብ መድኃኒት ከመስጠቴ በፊት የልብ ምት ለምን አንድ ደቂቃ ሙሉ እንደምቆጥር በራሴ ቋንቋ ስጽፈው አይጠፋብኝም። ለመጻፍ ጊዜ ከሌለኝ የጉግል ኪቦርድ ላይ ማይኩን ተጭኜ በአማርኛ እናገራለሁ። ጉግል ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አማርኛ ንግግርን ወደ ጽሑፍ ይለውጣል። የሕክምና ቃል ላይ ይሳሳታል፣ አርሜ አስቀምጠዋለሁ።

ፈተናው ራሱ ከ85 እስከ 150 ጥያቄ አለው። በትክክል ስትመልሱ ቀጣዩ ይከብዳል። ሽምደዳ ብቻ አያሳልፍም፣ «ከእነዚህ አራት በሽተኞች መጀመሪያ ማንን ታያለሽ?» ይላል። ስለዚህ አንኪ ለመሠረቱ ነው፣ ከዚያ የጥያቄ ባንክ ላይ መሥራት ግድ ነው።

ሌላው ከባለቤቴ ጋር አንድ ጉግል ካላንደር እንጋራለን። የእኔ ሺፍት፣ የእሱ ሺፍት፣ የልጆቹ ትምህርት ቤት፣ የእኔ ፈተና ሁሉም አንድ ቦታ ላይ በየቀለሙ ነው። ፈተና ባለኝ ሳምንት ልጆቹን እሱ እንደሚይዝ ከወር በፊት ያውቃል። ትዳር ላላችሁ ተማሪዎች ከሁሉም አፕ በፊት ይህን አድርጉ።

ጂሲ_ነን

እህታለም በርቺ። የአማርኛውን ምክንያት ከጀርባ መጻፍ እኔም ዛሬ እጀምራለሁ።

ሰከንድ_ይር

እኔ ጥያቄ አለኝ። ሁላችሁም የጥናት አፕ ትላላችሁ፣ የእኔ ችግር ቲክቶክ ነው። ስልኩን ለጥናት ከፍቼ ሌላ ቦታ እገኛለሁ። ፎረስት የሚባለው ይሠራል?

ኮድ_ቤት

ይሠራል፣ ብዙ ሰው ይወደዋል። ሰዓት ስትሞላ ዛፍ ይተከላል፣ ከአፑ ከወጣህ ዛፉ ይደርቃል። ግን ሌላ አፕ ከመጫንህ በፊት ስልክህ ውስጥ ያለውን ተመልከት። አብዛኞቹ አዳዲስ አንድሮይዶች ላይ «ዲጂታል ዌልቢይንግ» የሚባል አለ። እዚያ ቲክቶክን በቀን ይህን ያህል ደቂቃ ብቻ ብለህ ትወስንበታለህ፣ ሲያልቅ አይከፈትም። «ፎከስ ሞድ» ደግሞ የመረጥካቸውን አፖች ለጊዜው ይዘጋቸዋል። ለ25 ደቂቃ ዝጋ፣ 5 ደቂቃ እረፍ። ፖሞዶሮ የሚባለው ይህ ነው፣ ፍራንቼስኮ ቺሪሎ የተባለ ጣሊያናዊ ተማሪ እያለ በ1980ዎቹ መጨረሻ በወጥ ቤት ሰዓት የጀመረው።

በእረፍቱ 5 ደቂቃ ስልክ አትንካ። ውጣ፣ ውኃ ጠጣ፣ ከዶርም ልጆች ጋር አውራ።

አፕል_ያለው

እኔ አይፎን ነው የያዝኩት። አፕስቶር ላይ አንኪ ወደ 25 ዶላር ይላል። የዶላር ካርድ ደግሞ የለኝም። አንድ ልጅ የተሰነጠቀውን (ክፍያው ያለ ፈቃድ የተሰበረውን) በነፃ እጭንልሃለሁ አለኝ።

ኮድ_ቤት

እባክህ አታድርገው። በብራውዘርህ አንኪዌብ ግባ፣ ነፃ ነው። ካርዶችህን እዚያ ትሠራለህ፣ ትከልሳለህ። ኔት መፈለጉ ነው ጉድለቱ።

ለአንድሮይድ ልጆችም ይህን አስረግጬ ልናገር። ቴሌግራም ላይ «ፕሪሚየም ሞድ» እያሉ የሚለጥፏቸውን ኤፒኬዎች (የአፕ መጫኛ ፋይሎች) አትጫኑ። ባንክ የምትጠቀሙበት፣ ቴሌብር ያለበት ስልክ ነው። ካምስካነርን ታስታውሳላችሁ? ፕሌይስቶር ላይ የነበረ፣ ሚሊዮኖች የጫኑት የስካን አፕ ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. ካስፐርስኪ የተባለው የኮምፒውተር ደህንነት ኩባንያ ማስታወቂያ በሚያመጣው ክፍሉ ውስጥ ተንኮል ያዘለ ኮድ አገኘበትና ጉግል አወረደው፣ ከተስተካከለ በኋላ ነው የተመለሰው። ፕሌይስቶር ላይ ያለው እንደዚህ ከሆነ ማንነቱ የማይታወቅ ሰው የለጠፈው ምን ሊኖረው እንደሚችል አስቡት። ደብተር ስካን ለማድረግ ጉግል ድራይቭ ላይ ያለው ስካነር ይበቃል። ፎቶውን ፒዲኤፍ አድርጎ ያስቀምጥላችኋል።

ስቱዲዮ

ቻትጂፒቲን ማንም አላነሳም እንዴ?

ቸካይዋ

እኔ የምጠቀመው ጥያቄ እንዲያወጣልኝ ነው። ሃንድአውቱን ሰጥቼ «ከዚህ ብቻ አሥር ጥያቄ አውጣ፣ መልሱን አሁን አትንገረኝ» እለዋለሁ። ከዚያ እመልሳለሁ፣ ያርመኛል። ነገር ግን የመድኃኒት መጠን ላይ በሙሉ ልብ ስህተት ሊነግራችሁ ይችላል። ወደ አንኪ ከማስገባቴ በፊት እያንዳንዱን ከመጽሐፉ ጋር አመሳክራለሁ። የተሳሳተ ካርድ ደጋግሞ መከለስ ስህተቱን ማጽናት ነው። አሳይመንት ጻፍልኝ ማለት ግን የራስን ትምህርት መስረቅ ነው፣ በዚህ ላይ ጥብቅ ነኝ።

ጂሲ_ነን

ኪዊክስን ረሳን። ዊኪፒዲያን ያለ ኔት የሚያነብ አፕ ነው። ሙሉው እንግሊዝኛ ከነምስሉ ከ100 ጊጋባይት በላይ ስለሆነ እሱን ተዉት። የሕክምናው ክፍል ብቻውን አለ፣ ለጤና ተማሪዎች ይበቃል። አንድ ሰው በጊቢው ዋይፋይ ካወረደው በሜሞሪ ካርድ ለዶርሙ ሁሉ ይዳረሳል።

ገና_12ኛ

ጂሲ_ነን እግዜር ይስጥልኝ፣ ቴሌግራሙን አጽድቼ አንኪን ጫንኩ። ባዮሎጂ ዩኒት አንድን ጀመርኩ። ሁለት ነገር ልጠይቅ። በቀን ስንት አዲስ ካርድ ይሻላል? ደግሞ የሠራሁትን ለጓደኛዬ ያለ ኔት መላክ ይቻላል?

ቸካይዋ

ጎበዝ! አፑ ራሱ በቀን 20 አዲስ ካርድ ላይ ተሞልቶ ይመጣል። አንተ ወደ 10 አውርደው። ዛሬ 20 ቀላል ይመስላል፣ ግን ክለሳው ይደራረባል። ከጥቂት ሳምንት በኋላ በየቀኑ ከ100 በላይ ካርድ ይጠብቅሃል፣ ሰው አንኪን የሚተወው እዚያ ላይ ነው። አንድ ቀን ካለፈህ አዲስ ካርድ አቁምና የተጠራቀመውን ክለሳ ብቻ ጨርስ። የሴል ስዕሉን ደግሞ በጽሑፍ አትድከምበት። «ኢሜጅ ኦክሉዥን» የሚል የካርድ ዓይነት አለ፣ የመጽሐፉን ስዕል ፎቶ አንስተህ ስሞቹን ትሸፍናለህ፣ እሱ አንድ በአንድ ይጠይቅሃል።

መላክ ይቻላል። ዴኩን ጫን ብለህ ያዝ፣ «ኤክስፖርት» በል። አንድ ፋይል ይሰጥሃል። በዜንደር ወይም በብሉቱዝ ላክለት፣ እሱ ሲከፍተው አንኪድሮይድ ውስጥ ይገባል። ዩኒት አንድን ስትጨርስ እዚህም ለጥፈው። ቲቸር ባዮሎጂ የሚያስተምር ባልደረባ ካላቸው ስህተት እንዳይኖርበት ያዩልናል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ፊዚክስ_አስተማሪ

አለች፣ ጎበዝ ናት። ለጥፈው፣ አሳያታለሁ።